ጋሽ ሻጋታ እና የምድር ቤቱ ነጭ አይብ

በወዳጅ ዘመድ ዘንድ ጋሽ ሻጋታ እየተባሉ የሚጠሩት የአይብ ባለሙያ፣ ቢላ ሞራጅ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ከብስክሌት መጠገኛ ሱቅ በላይ በምትገኝ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ከወለሉ ስንጥቅ የጎማ ማጣበቂያ ጠረን ይወጣል፤ እናታቸው ከሥራ ሲመለሱ የበረኪና ጠረን ይዘው ይገባሉ፤ አባታቸው ደግሞ የተሳለ ብረት ይሸታሉ። ጋሽ ሻጋታ ገና በልጅነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በበሩ የገባው ማን እንደሆነ በአፍንጫቸው ይለዩ እንደነበር ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነኝ፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሰው በሞተ ማግስት መልአክ ሲደረግ መስማት አልወድም። እርሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር ሲነበብ ከኋላ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። ስለዚህ የሚያኮራውንም የተበላሸውንም አብሬ አነባለሁ። ቅር የሚለው ሰው ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን አልቀይረውም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምረዋል። በሂሳብ ይህን ያህል አልነበሩም፤ በጂኦግራፊ ግን የሚደርስባቸው አልተገኘም። የአገሮችን ካርታ መጽሐፍ ሳያዩ ይስሉ ነበር። መምህራቸው ትልቅ ደረጃ ይደርሳሉ ብለው ቢጠብቁም፣ አባታቸው እጃቸውን ተጎድተው ሥራ ሲፈቱ፣ እርሳቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደብ ላይ በሚገኝ የቀዝቃዛ ዕቃ መጋዘን በጫኝና አውራጅነት ተቀጠሩ። ቆይተውም መንጃ ፈቃድ አውጥተው ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ሾፌር ሆኑ።

የአይብ ፍቅር የያዛቸው እዚያ ነው። ከመርከብ የሚወርድ ሳጥን አንዳንድ ጊዜ ይሰበራል፤ የተሰበረው ደግሞ ለሠራተኞች ይተዋል። ሌላው ጣፋጭና የታሸገ ዓሣ ሲሻማ፣ እርሳቸው ማንም የማይነካውን አይብ ይወስዱ ነበር። ከሆላንድ የመጣውን ቀይ ሰም የለበሰ፣ ከስዊዘርላንድ የመጣውን ባለ ቀዳዳ፣ ከግሪክ የመጣውን በጨው ውሃ የተዘፈቀ፣ ሁሉንም በኪሳቸው በያዙት የአባታቸው ቢላ እየቆረጡ ቀመሱ። ትምህርት ቤት ያቋረጡት ጂኦግራፊ በምላሳቸው ቀጠለ ማለት ነው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ አይብ ለመጫን ወደ አባቴ ቤት መጡ። አባቴ አይብ ሠሪ ነበሩ፤ የሚሠሩትም አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፦ መዳፍ የሚሞላ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ቅርፊቱ እንደ ዱቄት የነጣ ክብ አይብ። አያቴም የሠሩት እርሱን ነው፤ የአያቴም አባት እርሱን ነው። ሳጥኖቹን ወደ መኪናው የምታቀብለው ታላቅ እህቴ ነበረች። ጋሽ ሻጋታ አንዱን ሳጥን አሸተቱና ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል አሏት። በቤታችን ስለ አይቡ እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ስላልነበረ ሳቀች። ከዚያ በኋላ መኪናቸው የሚበላሸው ሁልጊዜ እኛ በር ላይ ሆነ። አባቴ በመጨረሻ ተሰላችተው፣ ወይ ሞተሩን አሠራ፣ ወይ ልጄን አግባ ብለው ገላገሏቸው። በሰርጋቸው ዕለት ከእንግዶቹ ቁጥር የአይቡ ዓይነት ይበልጥ እንደነበር የታደሙ ሁሉ ያስታውሳሉ።

ከጋብቻቸው በኋላ መኪናውን ትተው ከአባቴ ጋር መሥራት ጀመሩ። እዚህ ላይ ስለ ምድር ቤታችን ማስረዳት አለብኝ። አይቡ የሚበስለው ከቤታችን ሥር ባለው ምድር ቤት፣ በእንጨት ሳንቃዎች ላይ ተደርድሮ ነው። ነጩን ቅርፊት የሚያወጣው ሻጋታ አይገዛም፣ አይዘራም፤ በግድግዳው፣ በጣሪያውና በሳንቃዎቹ ላይ ይኖራል፤ ትኩስ አይብ ሲገባ ራሱ ይወርድበታል። በዚህ ምክንያት ሕጉ ጥብቅ ነበር። የመንገድ ጫማ ደረጃው ራስጌ ላይ ይወልቃል። ዳቦ አይወርድም፤ ብርቱካን አይወርድም፤ ከሁሉ በላይ ሌላ አይብ አይወርድም። በተለይ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበትን አይብ የቆረጠ ሰው በዚያ ቀን ደረጃውን አይረግጥም። ሰማያዊው ከነጩ ይልቅ ጉልበተኛ ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። ጋሽ ሻጋታ ይህን ሁሉ ተምረው፣ ሳንቃ መወልወልና አይብ መገልበጥ ከአባቴ እኩል ቻሉ። አባቴ የሚወዱትን ሰው ይሰድቡ ነበር፤ እርሳቸውን ጠዋትና ማታ ይሰድቧቸው ነበር።

በአባቴ ፈቃድ ከምድር ቤቱ በላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ የዓለም አይብ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈቱ። ላይ ከሆነ ምን አገባኝ ብለዋቸው ነበር አባቴ። ያ ሱቅ የሕይወታቸው ደስታ ነበር። ከጣሊያን የመጣውን የፓርሜዛን ክብ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ውስጡ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በድምፁ ይለዩ ነበር። እሳት ላይ የማይቀልጠውንና ጥርስ ሥር የሚጮኸውን የቆጵሮስ ሃሉሚ፣ እንደ ከረሜላ የሚጣፍጠውን ቡናማ የኖርዌይ አይብ፣ እንደ ክር ኳስ የተጠቀለለውን የሜክሲኮ አይብ ለገባው ሁሉ ያስቀምሱ ነበር። ከሂማላያ ተራሮች የመጣ፣ ያክ ከሚባለው ጸጉራም ከብት ወተት የተሠራ ድንጋይ የመሰለ አይብም ነበራቸው። እርሱን ሲበዛ ለሚያወራ ደንበኛ ነበር የሚሰጡት፤ አንዱን ቁራጭ አኝኮ እስኪጨርስ ሱቁ ጸጥ ይላል። ጠረኑ የሚያስደነግጠውን የጀርመኑን ሊምበርገር አንድ ጊዜ ለደንበኛ እንዳደርስ ልከውኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከእኔ ጎን የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

አባቴ በብርዱ ወራት አረፉ። በቀጣዩ በጋ፣ ባለቤታቸው የመጀመሪያና የመጨረሻ ልጃቸውን ለመውለድ ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት፣ ሙቀቱ ከፍቶ የሱቁ ማቀዝቀዣ ተበላሸ። ጠጋኙ ነገ እመጣለሁ አለ። ጋሽ ሻጋታ አይቦቻቸውን ወደ ጎረቤት ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ አሻገሩ። ምግብ ቤቱ ሌሎቹን ሁሉ ሲቀበል ሰማያዊዎቹን ግን፣ የፈረንሳዩን ሮክፎርና የጣሊያኑን ጎርጎንዞላ፣ ከጠረናቸው የተነሳ አልቀበልም አለ። ሱቁ ውስጥ ቢተዉ ቀልጠው ሊያድሩ ነው። ከታች ደግሞ ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። በወፍራም ጨርቅ ደጋግመው ጠቅልለው፣ ክዳን ባለው ሳጥን ከተው፣ ከመጨረሻው ደረጃ አጠገብ አኖሯቸው።

እስከዚህ ድረስ ምናልባት በደህና ይታለፍ ነበር። ወደ ማታ ግን፣ ሴት ልጅ መወለዷን ሰምተው ከሆስፒታል በደስታ ሲመለሱ፣ እነዚያ አይቦች ትዝ አሏቸው። ሰማያዊ አይብ አየር ካላገኘ ይታመማል። በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ መታፈናቸው አሳዘናቸውና ወርደው ክዳኑን ከፈቱላቸው፤ ጨርቁንም ገለጡላቸው። ስለ አይብ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እንደተጠቀለሉ ይተዋቸው ነበር። ይህን ጥፋት ለማጥፋት አይብ መውደድ ያስፈልግ ነበር።

ባለቤታቸው ሕፃኗን ይዘው ከተመለሱ በኋላ፣ ጉልበታቸው ሲጠና የመጀመሪያ ሥራቸው ወደ አባታቸው ምድር ቤት መውረድ ነበር። በአንዱ ነጭ አይብ ላይ ምስር የምታክል ሰማያዊ ነጥብ አዩ። ሌላውን አነሱ፤ በእርሱም ላይ አለ። ወደ ላይ ወጥተው ማን ምን እንዳስገባ ጠየቁ። ጋሽ ሻጋታ አልሸሸጉም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እንዳይታፈኑ ብዬ።»

ባለቤታቸው ሕፃኗን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩና፣ «አባቴ የሞተው ዛሬ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤታቸው ደረጃውን አልረገጡም። የሚወርዱበት የእንጨት ጫማ ደረጃው ራስጌ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ጋሽ ሻጋታ የቀረውን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ነገር ነው፤ ነጩን አይብ ወደ ምድር ቤቱ መልሰው ለባለቤታቸው ማሳየት። የድሮዎቹን ሳንቃዎች ግቢ ውስጥ አቃጥለው በአዲስ ተኩ። ግድግዳውን በኮምጣጤ አጠቡ፣ በጨው ውሃ አጠቡ፣ በእናታቸው በረኪና አጠቡ፣ ኖራ ቀቡ። ምድር ቤቱን ባዶውን ዘግተው አከረሙት። ከሌሎች አይብ ሠሪዎች ነጭ ሻጋታ እየለመኑ አመጡ። በየዓመቱ፣ ወተቱ በሚሻሻልበት ወቅት፣ አንድ ነጭ አይብ ሠርተው በጥግ በኩል ያስቀምጡ ነበር። መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ይነጣል፤ ፊታቸውም ይበራል። ከዚያ በአንዱ ጠርዝ ምስሯ ብቅ ትላለች። አይቡን ያወጡና ይጥሉታል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይጀምራሉ። እኔ ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቷል። እርሳቸውም የቆረጡ ይመስለኛል፤ ብቻ እጃቸው ማቆም አልቻለም።

ምድር ቤቱ ሥራ መፍታት ስላልነበረበት ሰማያዊ አይብ መሥራት ጀመሩ። አየር እንዲገባው አይቡን የሚወጉበትን የመጀመሪያ ወስፌ የተዋሱት ከእኔ ነው፤ አልመለሱልኝም። መቼም እውነቱን መናገር ይሻላል፤ አይቡ ግሩም ሆነ። ከሌላ ከተማ ሰዎች ለእርሱ ብለው ይመጡ ጀመር። የሙያ ጓደኞቻቸው ግን ታሪኩን ያውቁ ስለነበር ጋሽ ሻጋታ ብለው ቀለዱባቸው። እርሳቸውም ይህንኑ ስም ሽርጣቸው ላይ በሰማያዊ ክር እንድጠልፍላቸው አዘዙኝ። ያዘዙኝ ለመቀለድ አልነበረም። ሰው ባጠፋው ነገር መጠራት አለበት አሉኝ።

ባለቤታቸው በሱቁ ውስጥ የዓለምን አይብ ሁሉ ይሸጡ ነበር፤ ሰማያዊ ግን በእጃቸው አይነኩም። ሰማያዊ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ በመጥረጊያ እጀታ ወለሉን ይመታሉ፤ ጋሽ ሻጋታ ከምድር ቤት እየሮጡ ይወጣሉ። አዲስ ደንበኛ ሁልጊዜ ግራ ይጋባ ነበር።

ጥል ነበራቸው ማለቴ አይደለም። ጥል ቢሆን ይታረቁ ነበር። በአንድ ማዕድ በልተዋል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው አስታሟል፤ ልጃቸውን በወግ አሳድገዋል። ብቻ እሁድ እሁድ ምሳ ላይ ጋሽ ሻጋታ ከሰማያዊው አይብ አንድ ቁራሽ በትንሽ ሳህን አድርገው ከባለቤታቸው ፊት ያኖራሉ። ማዕዱ ሲነሳ ቁራሹ እንዳለ ይነሳል፤ ብዙውን ጊዜ የምበላው እኔ ነኝ። የዚህ ቦርጭ ግማሹ የዚያ ቁራሽ ነው። አንድ እሁድ አላስችል ብሎኝ፣ ለእርሳቸው ስትል አንዴ እንድትቀምስ እህቴን ለመንኳት። የመለሰችልኝን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

«ጥሩ ሆኖ ቢገኝስ?» አለችኝ። «ያኔ አባቴን ምን እለዋለሁ?»

ጋሽ ሻጋታ አንድ ልጃቸውን ለቁም ነገር አብቅተዋል። የመነጽር ባለሙያ ሆና በሌላ ከተማ ትኖራለች፤ ሁለት ልጆችም ወልዳላቸዋለች። በዓለም ላይ ያለ ማንኛውንም ዓይነት አይብ አትበላም። በዚህ ማንም አልወቀሳትም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደረቅ ሳል ይይዛቸው ጀመር። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ሐኪሙ ሳንባቸውን መርምሮ፣ ለዓመታት የተነፈሱት የሻጋታ ብናኝ እንደጎዳቸውና ምድር ቤቱን ፈጽሞ መርገጥ እንደሌለባቸው ነገራቸው። «ያን ሁሉ ዘመን ላስወጣው ስታገል እሱ እኔን አስወጣኝ» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለውጦ ቶሎ አልቆመም። አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጨርቅ እንድሰፋላቸው ለምነውኝ ሰፋሁላቸው፤ በእርሱም እየወረዱ ጥቂት ሠሩ። ባለፈው የወተት ወቅትም እንደ ልማዳቸው አንድ ነጭ አይብ አስቀምጠው ነበር። ነጥቶ ሳለ፣ ነጥቧ ከመምጣቷ በፊት፣ አልጋ ያዙ።

አልጋቸው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ስለዚያ አይብ ብቻ ይጠይቁ ነበር። እኔ ወርጄ ልይልዎ ስላቸው አልፈለጉም፤ የሥራችን ሰው አይደለህም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው አንሶላ ሲያጣጥፉ፣ «ወርደሽ እይልኝ» አሏቸው። «አንዴ ብቻ።»

ባለቤታቸው አንሶላውን አጣጥፈው ጨረሱ። «ነገ አያለሁ» አሉ።

እምቢ አለማለታቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ጋሽ ሻጋታ ያን ዕለት እራታቸውን በሉ። ሐሙስ ጠዋት ባለቤታቸው ውሃ ሊያመጡላቸው ወጥተው ሲመለሱ አርፈው አገኟቸው። በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሬሳው ከቤት ከወጣ በኋላ እህቴ የመንገድ ጫማዋን አወለቀች። ደረጃው ራስጌ ላይ ያን ሁሉ ዘመን የተቀመጠውን የእንጨት ጫማ አራግፋ ተጫማች። አምፖሉ ተቃጥሎ ስለነበር ባትሪ ይዤ ተከተልኳት። ነጩ አይብ በጥጉ ነበር። አነሳችው፤ አዙራ አየችው። በግድግዳው በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ ምስሯ ነበረች። ረቡዕ ዕለት ወርዳ ብታየውም ይኸው ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሳንቃዎች ዞረች። በጋሽ ሻጋታ ቢላ፣ ማለትም በአባታቸው ቢላ፣ ከአንዱ ሰማያዊ አይብ ቆርጣ ቀመሰች። አባቴ አይብ ሲቀምሱ እንደሚያደርጉት ዓይኗን ጨፍና ቆይታ ዋጠች።

«ጨው ትንሽ በዝቶበታል» አለችኝ። «ሌላው ደህና ነው። ንገረው።»

በመካከላቸው መልእክት ማመላለስ የኖርኩበት ሥራ ስለሆነ፣ ልነግራቸው ወደ ደረጃው ዞርኩ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ነው የቆምኩት። እህቴ ከታች ባትሪውን እንድመልስላት ጠየቀችኝ።

ጋሽ ሻጋታ ባለቤታቸውን፣ አንድ ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ይህን የጻፍኩትን የሚስታቸውን ወንድም ትተው አልፈዋል። ሙያቸውን የሚረከብ አልተገኘም። ሱቁ በዚህ ወር ይዘጋል፤ ምድር ቤቱም በግንብ እንዲደፈን ተወስኗል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን፣ ዛሬም ለሸኟቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን አየር በማያጥርበት፣ ምንም ነገር በማይታፈንበት ሥፍራ ያሳርፍልን።

የቀረኝ የተላክሁበት ነው። የሚሰሙኝ አይመስለኝም፤ ሆኖም ንገረው ተብያለሁ። ጋሼ፣ ቀምሳዋለች። ጨው ትንሽ በዝቶበታል፤ ሌላው ደህና ነው ብላለች።